የመንገዱ ዳር የማን ነው?

አባት ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ኋላም ጅቡቲ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ልጅ ሲያትል ከተማ የምትኖር የመሬት አጠቃቀም ፕላን ባለሙያ ናት። ይህን የተነጋገሩት ኢንተርስቴት 90 በሚባለው አውራ ጎዳና ከሲያትል እስከ ኤለንስበርግ አብረው ደርሰው በተመለሱ ማግስት ነው።

አባት፦ እስቲ አንድ ነገር አስረጂኝ። ኖርዝ ቤንድ የተባለችውን ከተማ ካለፍን በኋላ ተራራውን ተሻግረን እስክንወርድ ድረስ፣ አናቱ ላይ ካለው የበረዶ መንሸራተቻ መንደር በቀር መንገዱ ዳር ይህ ነው የሚባል ነገር አላየሁም። ሱቅ የለ፣ ጎሚስታ የለ፣ ሻይ ቤት የለ፤ ጥድ ብቻ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበት መንገድ እንዲህ አይደለም። አስፋልት የደረሰበት ቦታ ሁሉ ዓመት ሳይሞላው ቆርቆሮ ይመታበታል። እዚህ ምን ከለከለው? ዳገቱ ነው?

ልጅ፦ ዳገቱ አይደለም አባዬ። ስኖኳልሚ የሚሉት ማለፊያ ከፍታው 921 ሜትር ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ እንኳ ሰው ሰፍሮበታል። ይህ መንገድ ደግሞ ከሲያትል ተነሥቶ ቦስተን የሚገባ፣ 4,860 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ከአሜሪካ ኢንተርስቴቶች ሁሉ ረጅሙ ነው። ከማለፊያው እስከ መሐል ከተማ አንድ ሰዓት ያህል ቢያስነዳ ነው። ለቤት ሠሪ ከዚህ የተሻለ መሬት የት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቤቱም፣ የገበያ ማዕከሉም፣ ቢሮውም መንገዱን ተከትሎ ወደ ተራራው ሽቅብ እየወጣ ነበር። ከላይ ደግሞ ጫካው እየተመነጠረ ይወርዳል። ሁለቱ ሊገናኙ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ያየኸው ጥድ ማንም ሳይነካው የቀረ እንዳይመስልህ፤ አብዛኛው ተገዝቶ የተረፈ ነው።

አባት፦ ተገዝቶ? ጫካ ከማን ይገዛል?

ልጅ፦ ከባቡሩ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1864 በአብርሃም ሊንከን ዘመን፣ ኖርዘርን ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ሐዲድ እንዲዘረጋ ማበረታቻ ተብሎ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ሰፊ መሬት ተሰጠው። አሰጣጡ እንደ ዳማ ገበታ ነበር፤ አንዱ ካሬ ማይል ለኩባንያው፣ ቀጥሎ ያለው ለመንግሥት፣ ከዚያ ደግሞ ለኩባንያው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከኩባንያው ድርሻ ከፊሉ ፕለም ክሪክ በሚባል የእንጨት ድርጅት እጅ ገባ። እሱም በራሱ ካሬ ላይ ያለውን ዛፍ ከሥሩ ቆረጠ። ከአውሮፕላን ላይ ሲታይ አንዱ አራት ማዕዘን ጫካ፣ አጠገቡ ያለው ጉቶ ነበር። ድብ ደግሞ አራት ማዕዘን አያውቅም።

አባት፦ ስለዚህ መሬቱን መጀመሪያ ያስወሰደው መጓጓዣው ራሱ ነው። ኋላ መኪናው መጥቶ ያጠፋው ነገር አይደለም።

ልጅ፦ ልክ ነህ። የማስመለሱ ሥራም የተጀመረው በእግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ክረምት፣ ኢሳኳ ከተማ ያለ የእግር ተጓዦች ክበብ አባላትና ደጋፊዎቻቸው ከስኖኳልሚ ማለፊያ ተነሥተው እስከ ሲያትል ባሕር ዳር አምስት ቀን ተጓዙ። ወደ 140 ኪሎ ሜትር ነው። የጠየቁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ከተራራው እስከ ባሕሩ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አረንጓዴ ሳይቆራረጥ ይቆይ። በዓመቱ ማውንቴንስ ቱ ሳውንድ ግሪንዌይ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጂም ኤሊስ የሚባል የሕግ ባለሙያ ነበር። ይህን ሰው ብታውቀው ትወደው ነበር አባዬ። ወንድሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞተበት። በሐዘኑ ሲብከነከን ሚስቱ፣ ወንድምህ በሕይወት ቢኖር ለአገሩ ሊሠራ የሚችለውን አንተ ሥራለት አለችው። ከዚያ በኋላ ከጥብቅና ሥራው ጎን ለጎን ለሕዝብ ጉዳይ ኖረ። የከተማው ፍሳሽ ሲገባበት የነበረው ዋሽንግተን ሐይቅ እንዲጸዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ሕዝቡን ያስመረጠው እሱ ነው።

አባት፦ ደግ ሰው ነው። ግን ደግነት መሬት አይገዛም። በእግር የሄደ ሁሉ መሬት ቢያገኝ ኖሮ የእኛ አገር ሰው ባለርስት በሆነ። ገንዘቡን ከየት አመጡት? የእንጨት ነጋዴውስ እንዴት እሺ አለ?

ልጅ፦ ብልሃቱ ነጋዴውን ጠላት ባለማድረጋቸው ላይ ነው። ኤሊስ ገና ከጅምሩ የእንጨት ኩባንያውንም፣ የደን መሥሪያ ቤቱንም፣ ከንቲባውንም፣ ቤት ሠሪውንም፣ ተፈጥሮ ወዳዱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ በኋላ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሄደው። አንዳንዱን መሬት በሕዝብ ገንዘብና በመዋጮ ገዙት። አንዳንዱን ለወጡት፤ ፕለም ክሪክ በመንገዱ አካባቢ ያለውን ሰጥቶ ሌላ ቦታ ምትክ ወሰደ። የዳማው ገበታ እየተገጣጠመ የመጣው እንዲህ ነው። እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የተደረገው ነው። ኪንግ ካውንቲ የሚባለው የአካባቢው አስተዳደር የስኖኳልሚን ደን፣ 36,000 ሄክታር ገደማ ይሆናል፣ መሬቱን ሳይገዛ የማልማት መብቱን ብቻ በ22 ሚሊዮን ዶላር ገዛ።

አባት፦ ቆይ፣ ቆይ። ይህን እንደገና በይልኝ። መሬቱ የባለቤቱ ነው?

ልጅ፦ የባለቤቱ ነው።

አባት፦ ዛፉንስ ይቆርጣል?

ልጅ፦ በሕጉ መሠረት ይቆርጣል፣ ይተክላል፣ ይሸጣል። ቤት ግን ሊሠራበት፣ ሸንሽኖም ሊቸበችበው አይችልም። እሱም አይችልም፣ ከእሱ የሚገዛውም፣ የልጅ ልጁም አይችሉም። ስታልፍ የምታየው ጫካ ጫካ ሆኖ ይቀራል፤ ባለመሬቱም ገንዘቡን አግኝቷል፣ ሥራውንም አልተነጠቀም።

አባት፦ አሁን አንድ ነገር ገባኝ። እዚህ መሬቱን ሲጠብቁት ለባለመሬቱ ከፈሉት። እኛ አገር ለከረዩው አርብቶ አደር ማን ከፈለው?

ልጅ፦ አዋሽን ማለትህ ነው?

አባት፦ አዋሽን ነው እንጂ! መተሐራን አልፈሽ በስተቀኝ ያለው ሜዳ፣ ወንዙ ዳር ያለው መሬት፣ ዱሮ የከረዩ የበጋ ግጦሽ ነበር። ወንዙ ዳር ያለውን ለም መሬት ሸንኮራ አገዳው ወሰደው፤ ሜዳውን የአዋሽ ፓርክ ወሰደው። ሁለቱም በአንድ ዘመን ነው የመጡበት። ከብቱን በድርቅ ጊዜ ሜዳው ላይ ሲያሰማራ ሕገ ወጥ ይባላል። እኛም ሾፌሮቹ ፓርክ የሚያጠፉ ሰዎች እያልን ስናማቸው ነው የኖርነው። የት ይሂዱ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ልጅ፦ ፓርኩ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተቋቁሞ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ጸደቀ። ያኔ የተከለለው 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሲከለል ግን ዋናው አስፋልት መሐል ለመሐል ያልፍበት ነበር፤ ሐዲዱም እንደዚሁ። በስተግራ ፈንታሌ ተራራ፣ በስተቀኝ ኢላላ ሳላ ሜዳ። አንድ ፓርክ ሆኖ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው።

አባት፦ በረዳትነት ስጀምር፣ በፊያት ኤንትሬ ዘመን፣ መንገዱ ያን ያህል አይከብድም ነበር። ከመተሐራ ወጥተሽ አዋሽ ሰባት ኪሎ እስክትደርሺ ያሉትን መኪናዎች በጣት ትቆጥሪያቸዋለሽ። ሳላው መንገዱ ዳር ቆሞ ያይሻል፤ የሜዳ ፍየሉ በመንጋ ነው። ነገሩ የተለወጠው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ መጣና አሰብ ተዘጋ፤ የአገሩ ጭነት ከሞላ ጎደል በሙሉ ጅቡቲ ላይ ወደቀ። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ ብረቱ፣ ሁሉም በዚያች መንገድ። ቦቴው ሌሊት ተከታትሎ ሲሄድ ተራራው ሥር መብራት ተቀጣጥሎ የሚንቀሳቀስ ከተማ ይመስል ነበር።

ልጅ፦ ሌሊት እንስሳው ምን ይሆናል?

አባት፦ ሳላ መብራት ፊቱ ላይ ሲያርፍ አይሮጥም። ይቆማል። ዓይኑ ሁለት ፍም ሆኖ ይታይሻል፣ ቀንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንገቱን አያዞርም። ተሳቢ የጫነ መኪና ደግሞ ፍሬን ስለተረገጠ ቀጥ አይልም፤ ብታጥፊው ትገለበጫለሽ። ስለዚህ ትመቺዋለሽ። ጠዋት የሚያልፈው ሾፌር ጥንብ አንሣ ተሰብስቦ ያያል፤ ጥንብ አንሣውን ደግሞ ሌላው መኪና ይመታዋል። ሌላም አለ። ጆንያው ተቀዶ ስንዴ ይንጠባጠባል። ወፉም ዝንጀሮውም ለቀማ ብሎ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ሙዝ የሚወረውርለት መንገደኛም ሞልቷል፤ ዝንጀሮው መኪና ማለት ምግብ ነው ብሎ ለመደ።

ልጅ፦ የአዋሽ ዝንጀሮ እኮ በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሁለት የተለያዩ የዝንጀሮ ዓይነቶች የሚገናኙበትና የሚዳቀሉበት ቦታ ስለሆነ ለብዙ ዓመታት ተጠንቷል። እኛ ሙዝ እየወረወርንለት አስፋልት ዳር አስቀመጥነው።

አባት፦ ታዲያ እዚህ አጋዘኑ እንዴት ነው የሚሻገረው?

ልጅ፦ ኪቺለስ ሐይቅ አጠገብ ከሥሩ ያለፍንበት ሰፊ ድልድይ ትዝ ይልሃል? ምንም መኪና ያልነበረበት?

አባት፦ አፈር የተደፋበት? ያላለቀ መስሎኝ ነበር።

ልጅ፦ እሱ የእንስሳት መሻገሪያ ነው። ወርዱ 46 ሜትር ነው። ከላይ አፈር ተሞልቶበት የአካባቢው ተክል ተተክሎበታል፤ ግራና ቀኙ የመኪናው ድምፅና መብራት እንዳያስደነግጣቸው ተከልሏል። መንገዱ ዳርም ረጅም አጥር አለ፤ እንስሳው አጥሩን እየተከተለ ወደ መሻገሪያው ይመጣል። ገና ግንባታው ተጠናቆ ሳያልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ተኩላ መሳዩ ካዮቲ ሲሻገር በካሜራ ታየ፤ ኋላ አጋዘኑም ተከተለ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጎልድ ክሪክ የሚባለው ወንዝ ላይ ደግሞ ድልድዩን አስረዝመው ከሥሩ ደረቅ መሬት ተዉለት፤ እንስሳው በዚያ ያልፋል። ይህ ሁሉ የተሠራው መንገዱ ሲሰፋ አብሮ ነው። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በዲዛይኑ ውስጥ አስገባው።

አባት፦ ይህን አዋሽ ላይ እንሥራ ብትይ ምን እንደሚሉሽ ልንገርሽ? ሰው ድልድይ ባላገኘበት አገር ለሳላ ድልድይ ይሉሻል። እውነታቸውን ነው ደግሞ። ወንዝ ሞልቶበት ትምህርት ቤት የማይደርስ ልጅ ባለበት አገር ይህን ማውራት ይከብዳል።

ልጅ፦ ታዲያ እንተወው?

አባት፦ እንተወው አላልኩም። ለግመሉ ብለሽ ጠይቂው ነው የምልሽ። በዚያ መንገድ ላይ የሚሞተው ሳላ ብቻ አይደለም። የአፋሩ ግመል፣ የከረዩው ላም፣ የኢቱው ፍየል ይሞታል። ግመል የመታ ሾፌር ምን እንደሚገጥመው እኔን ጠይቂኝ፤ ክርክሩ፣ ካሳው፣ ሽማግሌው። ስንት ወዳጄ መኪናውን ጥሎ ሮጧል። መንገዱ ሥር ግመል ሳያጎነብስ የሚያልፍበት ሰፊ ማለፊያ ብትሠሪ ባለከብቱ ይጠብቅልሻል፤ ሾፌሩ ይመርቅሻል፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ ሳላውም ከርከሮውም በዚያው ያልፋሉ። ለሳላ ብቻ ካልሽ ባለቤት የለውም። ለግመል ካልሽ ባለቤት አለው።

ልጅ፦ ይህን ከማንም መሐንዲስ አልሰማሁም አባዬ።

አባት፦ መሐንዲሱ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ይወርዳላ። ይልቅ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እንዳትቆጪ። ከመጣሁ ጀምሮ የምሰማው የቤት ኪራይ ነው። ሬኒየር ቫሊ ሰፈር የነበሩት ወገኖቻችን ኪራዩን ስላልቻሉ ወደ ኬንት፣ ወደዚያም ወዲያ ሄዱ ትሉኛላችሁ። ቤቱ የተወደደው መሬቱን ሁሉ ጫካ ነው ብላችሁ ስላጠራችሁት አይደለም ወይ? ባለጸጋው በመስኮቱ ጥድ እንዲያይ ታክሲ ነጂው ተባረረ ማለት ነው።

ልጅ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በከፊልም እውነት አለው። የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ ከተሞች እስከዚህ ድረስ ብቻ ይስፉ ተብሎ መሥመር ተሠምሯል። መሥመሩ ወደ ውጭ መስፋትን ከከለከለ ከተማው ወደ ላይ ማደግ አለበት። ከተማው ግን ለረጅም ዘመን አብዛኛውን የመኖሪያ ሰፈሩን ለአንድ ቤተሰብ ባለግቢ ቤት ብቻ ብሎ ይዞት ኖረ። ዋጋውን የከፈለው ድሃው ነው። ስለዚህ ጫካውን እንጠብቅ የሚል ሰው እዚያው አፉ ላይ፣ ሰፈሬ ውስጥ ፎቅ ይሠራ ማለት አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ የማይል ሰው ጫካውን ለራሱ ብቻ ነው የሚፈልገው። ደግሞ ጫካው መኪና ላለው ብቻ መሆን የለበትም። በበጋው ወራት ከከተማ እስከ ተራራው ሥር የሚያደርስ አውቶቡስ ካውንቲው ጀምሯል፤ የእኛ ልጆችም ይሄዱበታል።

አባት፦ ሌላም ልጠይቅ። ከባቡሩ በፊትስ? ሊንከን የሰጠው መሬት የሊንከን ነበር?

ልጅ፦ አልነበረም። የስኖኳልሚና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 በውል ስም አስፈረሟቸውና መሬቱን ወሰዱት። የስኖኳልሚ ሕዝብ የፌዴራል መንግሥት ዕውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። 82 ሜትር የሚወርደው የስኖኳልሚ ፏፏቴ ቅዱስ ቦታቸው ነው። ዙሪያውን ያለውን መሬትና እዚያ ያለውን ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2019 በ125 ሚሊዮን ዶላር መልሰው ገዙት። የራሳቸውን መሬት ማለት ነው።

አባት፦ የራሳቸውን መሬት በገንዘባቸው! ታዲያ አገሩ ያንቺ የግሪንዌይ ሰዎች እንደሚሉት ያን ያህል ጻድቅ አይደለማ።

ልጅ፦ ጻድቅ አላልኩም። በዚያው በ2019 ኮንግረስ መንገዱን ተከትሎ ያለውን 1.5 ሚሊዮን ኤከር ብሔራዊ ቅርስ ብሎ ሰየመው፤ አዋሽ በሕግ ሲጸድቅ ከነበረው ስፋት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከግማሽ በላዩ የሕዝብ መሬት ነው፤ ቀሪው እርሻም፣ ከተማም፣ የግል ደንም አለበት። ስያሜው የማንንም ንብረት አይነጥቅም። ጂም ኤሊስ ይህን አይቶ በዚያው ዓመት በ98 ዓመቱ ሞተ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። መሬቱ የቆየው የሚኖርበትና የሚበላበት ሰው እሺ ባለበት መጠን ነው። እሺ ያሰኙት በክፍያ፣ በምትክ፣ በድርድር ነው። እሺ ያላሰኙት ነባሩ ሕዝብ ግን ይኸው ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ ጥያቄው አልተዘጋም።

አባት፦ ከረዩም እንደዚያው ነው በይ። የእኛ ግን ጊዜው አላለፈም።

ልጅ፦ አላለፈም፤ ግን እየጠበበ ነው። ከአዳማ ወደ አዋሽ የፍጥነት መንገድ ፕሮጀክት አለ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚሄደውም አብያታ ሻላ ፓርክን ይጎራበታል፤ እዚያ ያለው ግራር ለከሰል እንዴት እንደተመነጠረ ታውቃለህ። ገዋኔን አልፈህ ሚሌ ሳትደርስ ያለው ያንጉዲ ራሳም ለዱር አህያ ተብሎ የተከለለ ፓርክ ነው፤ እሱንም አስፋልቱ ለሁለት ከፍሎታል። የእያንዳንዱ መንገድ ጥያቄ አንድ ነው። አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ግራና ቀኙ ያለው መሬት የማን እንደሆነና ምን ሆኖ እንደሚቀር ካልተወሰነ፣ ከተነጠፈ በኋላ የሚወስነው ዋጋው ነው። የመሬቱ ዋጋ ከወጣ ወዲያ መንግሥትም ለመግዛት አቅም አይኖረውም።

አባት፦ ከሰሉን ካነሣሽ አይቀር፣ ከሰል እግር የለውም። ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል አስፋልት ዳር የሚደረደረው ቆሞ የሚጭን መኪና ስላለ ነው። ሻጯ ሴት ጾሟን የምታድር ናት፤ እሷን ብታስሪ ነገ እህቷ ትቆማለች። ፓርኩ ከሚያገኘው ገንዘብ ለመንደሯ ድርሻ ይስጧት፤ በድርቅ ጊዜ ከብቷ የሚገባበት የታወቀ ቦታና የታወቀ ወር ይስጧት። ያኔ ግራሩን እሷ ናት የምትጠብቀው። ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ሃምሳ ዓመት ሞክሮት አልሆነም።

ልጅ፦ አንተ ብትወስን ምን ታዛለህ?

አባት፦ አዛዥ አይደለሁም፤ ሾፌር ነኝ። ግን መንገድ ለሚሠሩት የምለው አለኝ። ንድፉ ወረቀት ላይ እያለ የከረዩን፣ የኢቱንና የአፋርን ሽማግሌዎች ይዛችሁ ቦታውን በእግር ሂዱበት። ግመሉ የት እንደሚሻገር እነሱ ያሳዩአችኋል፤ ማለፊያውን እዚያው ሥሩት። መንገዱ ፓርኩ ጋ ሲደርስ ነዳጅ ማደያና ሆቴል አትፍቀዱ፤ መተሐራና አዋሽ ሰባት ኪሎ ለዚያ ይበቃሉ። ለሾፌር ልጆቼ ደግሞ፦ ከመተሐራ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሌሊት ፍጥነታችሁን ቀንሱ። የተቀደደ ጆንያ ስፉ። ለዝንጀሮ ሙዝ አትወርውሩ። ከሰል ስትመለከቱ አትቁሙ።